መኪናው የማን ልጅ ነው? የአሜሪካ ማስል ካሮች ከነሻጮቻቸው

እ.ኤ.አ. በ1969 ሼቭሮሌ የሠራቸውን ሁለት ካማሮዎች እናስብ። የሁለቱም የትእዛዝ ቁጥር 9561 ነው፤ ሁለቱም 427 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 7 ሊትር ሞተር ተሸክመዋል። አንዷ ስሙ ከከተማው አልፎ ወደማይሰማ ነጋዴ ተላከች። ሌላዋ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ካነንስበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ወዳለው የነጋዴው ዶን የንኮ ግቢ ገባች። ዛሬ ሁለቱ ለጨረታ ቢቀርቡ፣ ይዞታቸው እኩል እስከሆነ ድረስ፣ የየንኮዋ ዋጋ ብዙ ርቆ ይሄዳል። ብረቱ ያው፣ ጉልበቱም ያው ነው። ነገሩን ለመረዳት ከመኪኖቹ መወለድ በፊት መነሳት ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአሜሪካ ፋብሪካዎች ከ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ ለሕዝብ በቀጥታ መሸጥን ትተው ሥራውን በየከተማው ላሉ ነጻ ነጋዴዎች ሰጡ። ነጋዴው፣ በተለመደው አጠራር ዲለሩ፣ መኪናውን ከፋብሪካ ገዝቶ በራሱ ኪሳራና ትርፍ ይሸጣል። ለረጅም ጊዜ ስሙ ከበሩ በላይ ካለው ሰሌዳ አያልፍም ነበር። በ1958 ግን የኦክላሆማው ሴናተር ማይክ ሞንሮኒ ባቀረቡት ሕግ መሠረት በእያንዳንዱ አዲስ መኪና መስኮት ላይ ወረቀት መለጠፍ ግዴታ ሆነ። የሕጉ ዓላማ ሻጮች በዋጋ እንዳያጭበረብሩ ነበር። ነገር ግን ወረቀቱ ከዋጋው ሌላ የሻጩን ስምና ቦታም መያዝ ነበረበት። ሕግ አውጪዎቹ ሳያስቡት ለመኪና የልደት ሰርተፊኬት ሠሩ ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው መታጠፊያ የመጣው ከእሽቅድምድም ነው። በ1957 የአሜሪካ አምራቾች ማኅበር አባላቱ ከውድድር እንዲርቁ ወሰነ። ውሳኔው በየጓዳው ሲጣስ ቆይቶ በ1963 መጀመሪያ ሼቭሮሌንና ፖንቲያክን የሚያቅፈው ጄኔራል ሞተርስ ክልከላውን በራሱ ክፍሎች ላይ አጠበቀ። የፍጥነት ጥማት ግን በትእዛዝ አይቆምም፤ ፋብሪካው የተወውን ቦታ ዲለሮች ያዙት። ሚቺጋን ውስጥ ሮያል ኦክ ላይ የነበረው የኤስ ዊልሰን ሮያል ፖንቲያክ ቀዳሚ ነበር። እዚያ የተስተካከሉት ቦብካት የተባሉት መኪኖች በየመጽሔቱ ስም አተረፉ። ከፖንቲያክ ማስታወቂያ ጀርባ የነበረው ጂም ዋንገርስም ከዚሁ ቤት ጋር እጅና ጓንት ነበር። ለ1964 ሞዴል ጆን ዴሎሪያን የሚመራው የፖንቲያክ መሐንዲሶች ቡድን 389 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር በመካከለኛዋ ቴምፐስት ላይ አሳርፎ ጂቲኦን አወጣ። ጄኔራል ሞተርስ ለዚያ መጠን መኪና ከ330 በላይ ሞተር አይፈቅድም ነበርና አዲሷን መኪና እንደ ተጨማሪ ዕቃ ጥቅል አሳለፏት። ትልቅ ሞተር በመካከለኛ መኪና ላይ የመጫን፣ ማለትም የማስል ካር፣ ዘመን በተለምዶ የሚጀመረው ከዚህ ነው።

ዘመኑ ሲጦዝ ዲለሩ ከሻጭነት ወደ ሠሪነት ተሸጋገረ። ጄኔራል ሞተርስ ከትልልቆቹ መኪኖችና ከኮርቬት በስተቀር ሌሎቹ ከ400 ኪዩቢክ ኢንች በላይ ሞተር እንዳይገባባቸው ከልክሎ ስለነበር፣ የ1967 ሞዴል ሆና የወጣችው ካማሮ ፋብሪካው ውስጥ 427ቱን ማግኘት አልቻለችም። የንኮ በካነንስበርግ፣ ኒኪ ሼቭሮሌ በቺካጎ፣ ባልድዊን ሼቭሮሌ ደግሞ ከጆኤል ሮዘን ሞሽን ጋራዥ ጋር ተጣምሮ በሎንግ አይላንድ ሞተር እያወረዱ ትልቁን ይሰቅሉ ጀመር። ባልድዊን ሞሽን ለአንዳንድ መኪኖቹ «ሩብ ማይሉን በ11.5 ሰከንድ ካልጨረሰች ገንዘብዎን እንመልሳለን» እስከማለት ደርሷል። ቺካጎ ውስጥ ሚስተር ኖርም በሚል ስም የታወቀው ኖርም ክራውስ፣ ዶጅ አይገባም ያለውን 383 ሞተር ትንሿ ዳርት ውስጥ አስገብቶ አሳየ። ሮድ አይላንድ ላይ የቦብ ታስካ ቤት ሙስታንግን ፎርድ ራሱ በሚሠራቸው ዕቃዎች አጠነከራት፤ ፎርድም ያንን ተከትሎ በ1968 428 ኮብራ ጄትን አመረተ። በዚህ ጊዜ ፋብሪካው የዲለሩ ተማሪ ሆኗል።

የንኮ ቆየት ብሎ ሞተር መቀያየሩ አደከመው። ጄኔራል ሞተርስ ለታክሲ፣ ለፖሊስና ለጭነት ድርጅቶች የሚጠቀምበት የማዕከላዊ ቢሮ የምርት ትእዛዝ፣ በአጭሩ ኮፖ፣ የሚባል አሠራር ነበረው። የንኮ በዚህ ቀዳዳ በ1969 ፋብሪካው 427ቱን ራሱ እንዲያስገባ አደረገ፤ በዚያ ዓመት 201 የንኮ ካማሮዎች እንደወጡ ይቆጠራል። ቀዳዳው ግን ለሌሎችም ክፍት ነበርና ተራ ዲለሮችም ያንኑ ትእዛዝ አዘዙ። የመግቢያችን ሁለት መኪኖች የተለያዩት እዚህ ነው፤ የየንኮዋ ላይ ያለው ልዩነት በአመዛኙ የጎን ቀለሟ፣ አርማዋና ስሟ ነው።

በዚያው ዓመት ኢሊኖይ ውስጥ ላ ሃርፕ የምትባል የገጠር ከተማ ዲለር የሆነው ፍሬድ ጊብ ከዚህ የባሰ ደፈረ። የብሔራዊ ሆት ሮድ ማኅበር መኪና በውድድር እንዲሰለፍ 50 መሠራቱን ይጠይቅ ስለነበር፣ ጊብ ሙሉ አሉሚኒየም ሞተር ያላቸው 50 ዜድኤልዋን ካማሮዎችን አዘዘ። መኪኖቹ ሲደርሱ የእያንዳንዳቸው ዋጋ ከ7,200 ዶላር በላይ ሆኖ ተገኘ። ገዢ ጠፋ፤ አብዛኞቹ ወደ ፋብሪካው ተመልሰው ለሌሎች ዲለሮች ተከፋፈሉ። በጠቅላላው 69 ብቻ ተሠሩ። ዛሬ «የጊብ መኪና» መባል ሰብሳቢ የሚመኘው ነገር ነው፤ ያኔ ግን የጊብ ራስ ምታት ነበር።

ማክተሚያው ፈጥኖ መጣ። የኢንሹራንስ ክፍያ ናረ፣ የ1970ው የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ፣ በ1973 የነዳጅ ማዕቀቡ ተከተለ። መኪኖቹ ለወጣት ጎረምሶች በርካሽ ተላለፉ፤ ሞተራቸው ተቃጠለ፣ ተቀየረ፤ ወረቀታቸው ከቆሻሻ ጋር ወጣ።

ከ1980ዎቹ ወዲህ፣ ያ ጎረምሳ ጎልማሳ ሆኖ ገንዘብ ሲይዝ፣ ጥያቄው ተለወጠ። «ትሮጣለች ወይ?» መባሉ ቀርቶ «እውነተኛዋ እሷ ናት ወይ?» ተባለ። መልሱ ደግሞ ፋብሪካው መዝገብ በመያዝ አለመያዙ ላይ ተንጠለጠለ። የፎርድ መረጃ ኬቨን ማርቲ በሚባል ባለሙያ እጅ ይገኛልና ለ1967 እና ከዚያ ወዲህ ለተሠራ መኪና ሪፖርት ይወጣል፤ የፖንቲያክ መዝገብም ተርፏል። የዶጅ ባለቤት ክራይስለር ከ1966 ጀምሮ የሞተሩን ዓይነት በሻንሲ ቁጥሩ ውስጥ አስገብቷል። የሼቭሮሌ ሻንሲ ቁጥር ግን ከ1972 በፊት ሞተሩ የትኛው እንደሆነ አይናገርም፤ የአሜሪካው መዝገብም በአብዛኛው የለም። ከካናዳ ዲለር የወጣ ሼቭሮሌ ይሻላል፣ የጄኔራል ሞተርስ ካናዳ ክፍል መዝገቡን ጠብቋልና።

ፋብሪካው ዝም ባለበት ቦታ ምስክር ሆኖ የሚቆመው ዲለሩ ነው። ለዚህ ምስክርነት ከሁሉ የሚያምረው ፕሮቴክት ኦ ፕሌት የሚባለው ዕቃ ነው፤ በዋስትና ደብተሩ ውስጥ የምትቀመጥ የባንክ ካርድ የምታህል ቀጭን ብረት። ፊደሎቿ ከፍ ብለው የታተሙ ናቸው፤ የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር፣ የካምቢዮና የኋላ አክስል ምልክቶች ተደርድረውባታል። ዲለሩ መኪናዋን ባስረከበ ጊዜ የመጀመሪያውን ገዢ ስም ይጨምርባታል። ያቺ ብረት ከሽያጭ ደረሰኙና ከመስኮቱ ወረቀት ጋር ስትገኝ ክርክሩ በአብዛኛው ያበቃል።

ስለዚህ የዲለር ስም ዋጋ የሚጨምረው በሁለት የተለያዩ መንገዶች ነው፤ ገበያው ግን አዘውትሮ ያደባልቃቸዋል። የንኮ፣ ባልድዊን ሞሽንና ክራውስ መኪናውን ራሱን ስለለወጡት ወይም ፋብሪካው እንዲለውጠው ስላደረጉ ስማቸው የመኪናው አካል ነው። ተራው ዲለር ግን የሚጨምረው ማስረጃ ብቻ ነው፤ ማስረጃው በሌላ በኩል ከተገኘ ስሙ ጌጥ ከመሆን አያልፍም። በእኔ ግምት የኋላ ክዳን ላይ የተለጠፈ የዲለር አርማ ብቻውን ሰባራ ሳንቲም መጨመር የለበትም። አርማው፣ የታርጋ ክፈፉ፣ ሌላው ቀርቶ ያቺ ብረት ካርድ ሳትቀር፣ ዛሬ አዲስ ሆነው ይሠራሉ። የሞተር ቁጥርም ተፍቆ እንደገና ይመታል።

ስሙና ማስረጃው ሲገጥሙ ግን ውጤቱ ያስደንቃል። በ1967 ካሊፎርኒያ፣ ሎንግ ቢች ላይ ሜል በርንስ ፎርድ የሚባለው ሻጭ ከእሽቅድምድም መኪና ሠሪው ካሮል ሼልቢ ጋር ሱፐር ስኔክ የተባለችውን ሼልቢ ጂቲ500 ለሽያጭ ሊያባዛ አስቦ ነበር። ዋጋዋ ውድ ስለሆነ ሐሳቡ ቀረና አንዷ ብቻ ቀረች። በ2019 ፍሎሪዳ፣ ኪሲሚ ላይ በጨረታ 2.2 ሚሊዮን ዶላር አውጥታለች።

ፋብሪካዎቹም ትምህርቱን ወስደዋል። ሼቭሮሌ በ2012 ኮፖ ካማሮን ለድራግ ውድድር መልሶ ሲያመጣ የመጀመሪያውን ዓመት ምርት በ69 ወሰነው፤ የዜድኤልዋኖቹን ቁጥር በመከተል። የየንኮ ስምም በኒው ጀርሲ በሚገኝ ኩባንያ እጅ በአዳዲስ ካማሮዎች ላይ ተለጥፏል። እነዚህ መኪኖች ግን ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ ተራ ቁጥራቸውና ሰነዳቸው የተሟላ ነው። ከ50 ዓመት በኋላ ለሚገዛቸው ሰው የመጀመሪያው ሻጭ ማን እንደነበር ዋጋ የሚጨምርበት ምክንያት አይታየኝም፤ የካነንስበርጉ ነጋዴ ስም የከበደው ሌላ የሚናገር ባልነበረበት ቦታ ስለተናገረ ነበርና።