ትንፋሽ ያጠረው ሞተር በዲላ ዳገት

የዲላ መንገድ ለሞተር ቸር ሆኖ አያውቅም። ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረችው የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከዚያ በወናጎ አድርጎ ወደ ይርጋ ጨፌ የሚሄደውንም፣ በምሥራቅ በኩል ወደ ቡሌ የሚወጣውንም ሾፌር ዳገት ይጠብቀዋል። በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ትልልቅ ዛፍ፣ እንሰትና ቡና ተደራርበው የሚበቅሉበት ነው። ከ1,300 ሜትር ይነሣና 3,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ሽቅብ ይወጣል። ከፍታው ለቡናው በረከት፣ ቡናውን ለሚጭነው መኪና ግን ዕዳ ነው።

ነገሩ ውስብስብ አይደለም። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው ባገኘው አየር ልክ ነው። ዲላ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው አንድ ስድስተኛ ያህል ያንሳል፤ 3,000 ሜትር ላይ ጉድለቱ ወደ አንድ ሦስተኛ ይጠጋል። ጂቡቲ ወደብ ላይ መቶ ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ከፍታው ላይ ሰባ ቢቀርለት ነው። ያኔ ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፣ ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ከኋላ የሚትጎለጎለውን ጥቁር ጭስ ያያል። ጭሱ የሚበቃውን አየር ሳያገኝ የወጣ ናፍጣ ነው።

ከባድ መኪና በብዛት ወደ ደቡብ የወረደው ከጦርነት ጋር ነው። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ይዟቸው ከገባ ተሽከርካሪዎች አንዱ ፊያት 634 ነበር፤ ሕዝቡ «ትሬንታ ኳትሮ» ብሎ ስም አወጣለት። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 8.3 ሊትር የናፍጣ ሞተር የሚያወጣው ጉልበት 75 ፈረስ ገደማ ብቻ ነው። ዛሬ አንዲት አነስተኛ የቤት መኪና ከዚያ አታንስም። በ1929 ዓ.ም. ይርጋለም ተይዞ፣ የሲዳሞው ገዥ ራስ ደስታ ዳምጠውም በየካቲት ወር ከተገደሉ በኋላ ጣሊያን በአካባቢው ተደላደለ። መደላደሉ አራት ዓመት ብቻ ቆየ። ሠራዊቱ ሲወጣ ግን መኪናዎቹም፣ መፍቻዎቹም፣ እዚሁ መኖርን የመረጡ ጣሊያናውያን መካኒኮችም ቀሩ። ሙያው ከእነርሱ ወደ ኢትዮጵያውያን ረዳቶች ተሻገረ።

መንገዱ የተከተለው ዘግይቶ ነው። ከዓለም ባንክ በተገኘ የ5 ሚሊዮን ዶላር ብድር እየታገዘ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቋመ። በሚቀጥሉት አሥርት ዓመታት በዚህ መንገድ ላይ የነገሠው ፊያት እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ ያመረተው 682 ሲሆን፣ በተለይ የኋለኛው ዓይነቱ ገነነ። ሾፌሮች «ኤን ትሬ» የሚሉት እሱ ነው። ሞተሩ 11.5 ሊትር፣ ጉልበቱ 180 ፈረስ ገደማ። ፋብሪካው የመረጠው መፍትሔ ግልጽ ነበር፤ አየሩ ካነሰ ሞተሩን ማግዘፍ።

ኤን ትሬ ያን ያህል ዘመን የኖረው በጉልበቱ ብቻ አይደለም። ሲደክም የሚበተን፣ ተበትኖም የሚገጠም ሞተር ነበር። ቴስታታው ይወርዳል፣ ያለቀው የሲሊንደር ውስጥ ሽፋን፣ ካሚቻው፣ ተነቅሎ ሌላ ይገባል፣ ክራንክ ሻፍቱ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጋል፣ በተላገው ልክ ወፈር ያለ የብሮንዚን ማረፊያ ይታዘዝለታል። ይህን ሁሉ ለመሥራት የሚያስፈልገው ጠንካራ ባንኮ፣ ሚክሮሜትርና የሠለጠነ እጅ ነው። በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ የትኛው ሞተር እንደሚሰነብት የወሰነው ከካታሎጉ ይልቅ ይህ ችሎታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሞተሩን ሳያገዝፉ አየሩን የማብዛት ሐሳብ ግን ከትሬንታ ኳትሮም ይቀድማል። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ እ.ኤ.አ. በ1905 መብቱን ያስመዘገበበት ፈጠራ በከንቱ የሚወጣውን የጭስ ኃይል አየር ለመጭመቅ የሚጠቀም ነው። ጭሱ አንዱን ባለ ክንፍ መንኮራኩር ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ጫፍ ያለው ሌላው መንኮራኩር አየር እየጨመቀ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋል። ዛሬ ተርቦ የምንለው ይኸው ነው። ለእኛ አገር ይበልጥ የሚቀርበው ፈተና የተካሄደው ግን በአሜሪካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 መስከረም ላይ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ «ሊበርቲ» የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና አድርጎ 4,300 ሜትር ከፍታ ያለው ፓይክስ ፒክ ተራራ አናት ላይ አወጣው። ዝቅተኛው ቦታ ላይ 350 ፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ተራራው ላይ 230 ሆነ። ተርቦው ሲገጠምለት 356 ሰጠ። ከፍታው የቀማውን ተርቦው ከነትርፉ መለሰ።

ይህ ዘዴ እስከ ጫፍ የተሞከረው በአንድ እንግዳ ሞተር ላይ ነው። ጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንክል ፒስቶን የሌለው ሞተር አስቦ፣ ኤንኤስዩ በተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1957 ለመጀመሪያ ጊዜ አስነሣው። በዚህ ሞተር ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ነገር የለም፤ ጎኖቹ ደልበው የወጡ ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተር ወገቡ ሰርጎድ ባለ ሞላላ ቤት ውስጥ ይዞራል። ቫልቭ የለውም፣ ቢዬላ የለውም። ጃፓናዊው ማዝዳ ፈቃዱን ገዝቶ በኬንኢቺ ያማሞቶ የሚመሩ መሐንዲሶችን መደበበት። ዋናው ችግር በሮተሩ ሦስት ጫፎች ላይ የሚቀመጡት ቀጫጭን ማተሚያዎች የቤቱን ግድግዳ መቧጨራቸው ነበር። ጭረቱን መሐንዲሶቹ «የሰይጣን ጥፍር» ብለው ጠሩት። ካርቦንና አሉሚኒየም ቀላቅለው በሠሩት ማተሚያ ነገሩን ካረገቡ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1967 ኮስሞ ስፖርት የተባለችው መኪና ለገበያ ቀረበች። ኤንኤስዩ በበኩሉ በዚያው ዓመት ባወጣት መኪና ላይ የተበላሹ ሞተሮችን በነጻ ሲቀይር ከሰረና እ.ኤ.አ. በ1969 ከአውዲ ጋር ተዋሐደ።

እ.ኤ.አ. በ1982 ማዝዳ ሮተሪ በሚባለው በዚህ ሞተር ላይ ተርቦ ገጠመ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2002 የተመረተችው መኪናው አርኤክስ-7 ደግሞ ተራ በተራ የሚነሡ ሁለት ተርቦዎች ነበሯት። 1.3 ሊትር ብቻ የሆነው ሞተሯ መጀመሪያ 255፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት 280 ፈረስ ጉልበት አወጣ። ኤን ትሬ ከስምንት እጥፍ በሚበልጥ ስፋት ያላገኘው ጉልበት ነው። እርግጥ ስምንት ቶን ቡና ጭኖ ዳገት መውጣትና በአስፋልት መክነፍ የተለያየ ሥራ ነው፤ ቁጥሩን ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል።

ሮተሪውን መበተን ለተመልካች ያስደንቃል። ከፊት እስከ ኋላ የሚያልፉት ረጃጅም ብሎኖች ሲፈቱ ሞተሩ እንደ ድርብርብ ዳቦ ሽፋን በሽፋን ይነሣል። የጎን ብረት፣ የሮተር ቤት፣ መሐል ብረት፣ ሌላ የሮተር ቤት፣ የጎን ብረት። በየመሐሉ ያሉት የውኃ ማተሚያ ጎማዎች በሙቀት ደርቀው ከተገኙ ውኃው ወደ ውስጥ ሲገባ ቆይቷል ማለት ነው። መካኒኩ የጫፍ ማተሚያዎቹን ቁመት ይለካል፣ ከሥራቸው ያሉትን ቀጫጭን ሞላዎች ያያል፣ የቤቱ ክሮም የተላጠበትን ቦታ በጥፍሩ ይዳብሳል። ክሮሙ ከተነሣ ቤቱ ይጣላል። ጉልበት መጨመር የሚፈልግ ደግሞ የአየርና የጭስ መግቢያ መውጫዎቹን በመሞረጃ ያሰፋል፣ ሁለቱን ተርቦዎች አውጥቶ አንድ ትልቅ ይገጥማል፣ የተጨመቀውን አየር ማቀዝቀዣና ኢንጀክተሮቹን ያሳድጋል፣ የሞተሩን ኮምፒውተርም እንደ አዲስ ያስተካክላል። ይህ ሁሉ ደክሞበት ነዳጁ አንድ ጊዜ ያለ ሰዓቱ ከፈነዳ ማተሚያው ይሰበራል፤ ስባሪውም በጭስ መውጫው ወጥቶ የተርቦውን ክንፍ ይዞ ይሄዳል።

እንዲህ ያለው ሞተር በዲላ ጎዳና ላይ ያልነገሠው ዘገምተኛ ስለሆነ አይደለም። ቶርኖ ቤት የማያድነው ሞተር ስለሆነ ነው። ያለቀን የሮተር ቤት ልጎ ወፈር ያለ ማተሚያ ማስገባት አይቻልም። ቅርጹ በልኬት ካልሆነ ሞተሩ አይታመቅም። በዚያ ላይ በአሠራሩ ዘይት እያቃጠለ የሚሄድ ነው፤ ዘይቱን ቸል ያለ ባለቤት በሞተሩ ይከፍላል።

ተርቦው ግን በናፍጣው በር ገባ። በቡና መንገድ ላይ የሚታየው ሲኖትራክ የተሸከመው ሞተር መሠረቱ የኦስትሪያው ስታየር ሲሆን፣ ቻይና ቴክኖሎጂውን የወሰደችው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። ስፋቱ 9.7 ሊትር፣ ከኤን ትሬም ያነሰ። ከተርቦና ከአየር ማቀዝቀዣ ጋር ግን 371 ፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ዓይነት አለው፤ የኤን ትሬ እጥፍ መሆኑ ነው። ጉልበቱ ዳገቱን አቀለለው፣ ቁልቁለቱን ግን አላቀለለም። ሕዝቡ ሌላውን የጭነት መኪና፣ አይሱዙን፣ በሚያደርሰው አደጋ «አልቃይዳ» ያለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጥፋቱ ከሞተሩ ይልቅ የአነዳዱና የጭነቱ ቢሆንም ስሙ የተለጠፈው መኪናው ላይ ነው።

የተርቦ ዘንግ በትንንሾቹ ላይ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ የሚንሳፈፈውም በቀጭን የዘይት ንጣፍ ላይ ነው። ዳገት ጨርሶ ወዲያው ቁልፍ የሚያጠፋ ሾፌር ዘይቱን በጋለው ዘንግ ላይ ያቆመዋል፤ ዘይቱም እያረረ ከሰል ይሆናል። የሚያውቅ ሾፌር ጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ ያቆየዋል። ሰማያዊ ጭስ ሲመጣ መካኒኩ የአየር ጎማውን ፈትቶ ጣቱን ያስገባና ዘንጉን ወደ ጎን ይነቀንቃል። ትንሽ ልቅ ቢል ጤና ነው፤ ክንፉ ግድግዳውን የሚነካ ከሆነ ግን አልቆለታል። አንዳንዴ ጥፋተኛው ዘይቱ ሳይሆን ሳይራገፍ የከረመ የአየር ማጣሪያ ነው። የበጋው ቀይ አቧራ የአየር መጭመቂያውን ክንፍ እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ተርቦ የሌለውን መኪና ባለ ተርቦ ለማድረግ የሚጓጓም አይጠፋም። በዓለም ዙሪያ ለዚህ የሚታጨው በእኛም አገር በመስክ ሥራ የሚታወቀው የላንድክሩዘር 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው 1ኤችዜድ ነው። ሐሳቡ ለደጋ አገር ደግ ነው፤ ችግሩ ሞተሩ ያለ ተርቦ የታሰበ መሆኑ ነው። አየሩን ከ22 ለ1 በላይ ይጨምቃል። ቶዮታ ራሱ ተርቦ የገጠመለት ወንድሙ 1ኤችዲ-ቲ 18.6 ለ1 ብቻ ነው። ስለዚህ የውጭ ተርቦ የሚገጥም መካኒክ ግፊቱን ዝቅ ያደርጋል፣ የጭሱን ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ ያስገባል፣ ናፍጣውን አብዝቶ ከመክፈት ይቆጠባል። ይህን የናቀ ቴስታታ ይሰነጠቅበታል። ከፍታው የወሰደውን ብቻ ለመመለስ የሚገጥም ከሆነ ግን፣ ግፊቱ ዳርቻ ካለው አየር ብዙም ስለማይበልጥ፣ ሥራው ያን ያህል አያሰጋም።

የጥገናውን ገበያ ሕጉም አሙቆታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግምና ቡሌ አናት ላይም ጉልበቱ ያው ነው። ቡናውን የሚያወርደው ከባድ መኪና ግን ዛሬም በናፍጣና በተርቦ ይሄዳል። በለቀማ ወራት አንዱ ተርቦው ሲያልቅበት ጭነቱ ወደ ሌላ መኪና ይዛወራል፤ ባለቤቱ አዲስ አበባ ወዳለው የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራ ደውሎ፣ ከተርቦው ላይ የተነበበውን ቁጥር አስመዝግቦ፣ ዘንጉና ክንፎቹ ያሉበት የተርቦው መሐል ክፍል፣ ካርትሪጁ፣ በአውቶቡስ እስኪላክለት ይጠብቃል።