ምስሉን የሚፈጽመው እጅ

በባለ ሦስት ገጽታ ማተሚያ የወጣን፣ ከደረት በላይ ያለ የሰው ምስል አስተካክሎ ቀለም መቀባት በብዙ አገሮች የታወቀ የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆኗል። እንደ ሕፃናት መጫወቻ የሚቆጥሩት አሉ። ነገር ግን ሥራው የሚያስነሣው ጥያቄ፣ ይኸውም የምስሉ ሕይወት ከቅርጹ ይመጣል ወይስ ከቀለሙ የሚለው፣ ቀድሞ ታላላቅ ባለሙያዎችን ያከራከረ ነው።

በ1622 ዓ.ም. (እዚህ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእስፓኝ አገር፣ በሴቪል ከተማ፣ ሠዓሊው ፍራንሲስኮ ፓቼኮ በቀራጺው በኹዋን ማርቲኔዝ ሞንታኜስ ላይ የክርክር ጽሑፍ አወጣ። ሞንታኜስ የአንድን ገዳም የመሠዊያ ሥራ ቅርጹንም ቀለሙንም ጠቅልሎ ተዋውሎ ነበር። በከተማይቱ ሥርዓት ግን የቀራጺነትና የሠዓሊነት ሙያ የተለያዩ ነበሩ፤ ሠዓሊ ለመባል በሙያው መፈተን ያስፈልግ ነበርና፣ ሞንታኜስ ያልተፈተነበትን ሥራ መያዙ ደንብን መተላለፍ ነው ሲል ፓቼኮ ተከራከረ። ነገሩ የገንዘብም ነበረ፤ ጠቅላላውን ዋጋ የተቀበለ ሰው ለቀለም ባለሙያው የሚቆርስለት የወደደውን ያህል ይሆናልና። ሁለቱ ሰዎች ቀድሞ አብረው የሠሩ መሆናቸው ክርክሩን ይበልጥ መራራ ሳያደርገው አልቀረም። ከ1603 እስከ 1606 የተሠራውን፣ ዛሬ በሴቪል ካቴድራል የሚገኘውን የስቅለት ምስል የቀረጸው ሞንታኜስ፣ ቀለም የቀባው ፓቼኮ ነው።

ለቀለም ሥራው ክብር የሚሟገት ሰው ምን እንደሚያውቅ ማየት ይገባል። የተቀረጸው እንጨት በቅድሚያ በሙጫ ይታሸግ ነበር፤ ከዚያም ጄሶ በየተራ እየተደረበ ይለሰልሳል፤ የሥጋው መልክ በዘይት ቀለም ይቀባል። ፊቱን እንደ ሸክላ ሳሕን እስኪያብረቀርቅ መወልወል ልማድ ነበር። ፓቼኮ ይህን ነቀፈ። የሚያብረቀርቅ ገጽ የሚመልሰው ብርሃን ቀራጺው በብዙ ድካም ያወጣውን ስርጉድና እብጠት ይሰውራል፤ ስለዚህ ቆዳው ደብዛዛ ሆኖ፣ ዓይኖቹ ግን ቫርኒሽ ተቀብተው እንዲያበሩ መከረ። የሙያ ትምህርቱ ከሞተ በኋላ በ1649 በታተመው «የሥዕል ጥበብ» በተባለ መጽሐፉ ሰፍሯል። የሚገርመው፣ ሁለቱን ሙያዎች በአንድ እጅ ያዋሐደው አሎንሶ ካኖ በ1616 ከፓቼኮ ዘንድ ለትምህርት የገባ ደቀ መዝሙሩ መሆኑ ነው። ከካኖ ጋር የሠራው ፔድሮ ዴ ሜና ደግሞ ከደረት በላይ ባሉ ምስሎቹ የመስታወት ዓይን እያስገባ፣ የሐዘንተኛይቱን ማርያም ፊት በአጠገቧ የቆመ ሰው እስኪደነግጥ ድረስ ሕያው አስመሰለው።

በ1764 ዮሐን ዮአኪም ቪንከልማን የጥንታዊ ጥበብን ታሪክ ጽፎ የነጭ እብነ በረድን ውበት ካወደሰ ወዲህ፣ ቀለም የተቀባ ቅርጽ በሊቃውንት ዘንድ ዝቅ ተደርጎ ታየ። የግሪክ ሐውልቶች ራሳቸው ቀለም የተቀቡ እንደነበሩ፣ በብዙዎቹ ላይ የቀረው የቀለም ምልክት ይመሰክራል። ንቀቱ ግን እስካሁን አልጠፋም፤ ለመጫወቻነት ስያሜውም ምንጩ ይኸው ነው።

አሜሪካዊው ቻርልስ ሃል በ1984 ያመለከተበትና በ1986 የፈጠራ መብት ያገኘበት ዘዴ ፈሳሽ ሬዚንን በአልትራቫዮሌት ጨረር እያጠነከረ ንብብር በንብብር ቅርጽ ያወጣል። መሣሪያው ከፋብሪካ ወጥቶ በግለሰብ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ከ2010ዎቹ ወዲህ ነው። እያንዳንዱ ንብብር አብዛኛውን ጊዜ 0.05 ሚሊሜትር ያህል ስለሚሆን፣ የቅንድብ ፀጉር ሳይቀር ይወጣል። ሆኖም ከማሽኑ የወጣው ራስ ገና ጥሬ ነው። በጓንት ተይዞ በአልኮል ይታጠባል፤ ደግፈው የያዙት ቀጫጭን ምሰሶዎች ይቆረጣሉ፤ በጨረር ይጠነክራል፤ ጠባሳው በስቱኮ ተደፍኖ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። ከዚያ በኋላ መነሻ ቀለም ይረጫል፤ ብዙዎች መላውን ጥቁር አድርገው ነጩን ከላይ ብቻ በመርጨት ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ አስቀድመው ያያሉ። ቆዳው በቀጠነ ቀለም ተደራርቦ ይሠራል፤ ጉንጭ፣ አፍንጫና ጆሮ ወደ ቀይ፣ የተላጨ አገጭ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ያዘነብላል። በመጨረሻም ደብዛዛ ቫርኒሽ ሁሉን ይሸፍናል፤ የሚያብረቀርቀው ለዓይንና ለታችኛው ከንፈር ይቀራል። የፓቼኮን ስም ሰምቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር በፓቼኮ ደንብ ይሠራል።

በአንድ ነገር ግን ዘመኑ ከሴቪል ይለያል። ሞንታኜስ የቀረጸው እንጨት አንድ ነበር፤ ዛሬ አንዱ ቀራጺ በኮምፒዩተር ያዘጋጀው ራስ በሺህ ጠረጴዛዎች ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው ቀለሙ ብቻ ነው። የቅርጹን ንድፍ የሚሸጡ ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ ገዢው ለራሱ እንዲያትም ይፈቅዱና ያተመውን ለመሸጥ ግን ሌላ ፈቃድ ይጠይቃሉ። እንግዲህ አንድ ሰው አርባና ሃምሳ ሰዓት የደከመበትን ፊት ለገበያ ሲያወጣ፣ ክርክሩ እንደገና ይነሣል፤ በዚህ ጊዜ ግን ከሳሹ ቀራጺው ነው።