የቤንዚን ሞተር ጭስ ልኬት በደጋ ከተሞች፦ የአየር ግፊትና የንባብ እርማት

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ መጣጥፍ የቤንዚን ተሽከርካሪ ጭስ እንዴት እንደሚለካ፣ ከመሣሪያው የሚገኘው ቁጥር ምን ያህል እንደሚታመንና እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች ምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ይመረምራል። ዋና መከራከሪያው የካርቦን ሞኖክሳይድ ንባብ ብቻውን ለፍርድ አይበቃም የሚል ነው። ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ንባብ ጋር ሲጣመር ግን በአየር ግፊት ማነስና በጭሱ መቅጠን የሚመጣው ስህተት በአመዛኙ ይታረማል። እርማቱ ቀላል ስሌት ነው፤ አዲስ መሣሪያ መግዛትም አይጠይቅም።

መግቢያ

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪ የነበሩት አሪ ሃገን-ስሚት የሎስ አንጀለስን ነዋሪዎች ዓይን ያቃጥል የነበረው ጭጋግ ከምን እንደሚመነጭ አሳዩ። ከመኪና ጭስና ከነዳጅ ተቋማት የሚወጡት ሃይድሮካርቦኖችና የናይትሮጅን ኦክሳይዶች በፀሐይ ብርሃን ኃይል ተዋህደው ኦዞን ይፈጥሩ ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣችው የንጹሕ አየር ሕግ ከአዳዲስ መኪኖች የሚወጡት ዋና ዋና በካዮች በ90 በመቶ እንዲቀንሱ አዘዘ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሚፈጸመው የሚታመን መለኪያ ሲኖር ብቻ ነው።

ልኬት የሕግ መሠረት በሆነበት ቦታ ሁሉ የልኬት ስህተት የፍትሕ ጉዳይ ይሆናል። መውደቅ ሲገባው ያለፈ መኪና የመንገደኛውን ጤና ይጎዳል፤ ማለፍ ሲገባው የወደቀ ደግሞ የባለቤቱን እንጀራ ይዘጋል። የመለኪያውን ሳይንስ መመርመር ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

የጭሱ አፈጣጠር

አንድ ኪሎግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎግራም ገደማ አየር ያስፈልገዋል። ሞተሩ የሳበው አየር ከዚህ አስፈላጊ መጠን ጋር ያለው ውድር ላምዳ ይባላል፤ ሁለቱ ሲመጣጠኑ ላምዳ 1 ይሆናል። ላምዳ ከ1 ሲያንስ ነዳጁ ይበዛል፤ ኦክስጅን ስለሚያጥርም ከካርቦኑ ከፊሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ይቀራል። ሃይድሮካርቦን በመሠረቱ ሳይቃጠል ያመለጠ ነዳጅ ነው። ካንዴላ ሲስት ወይም ድብልቁ ከመጠን በላይ ሲሳሳ መጠኑ ያሻቅባል።

የናይትሮጅን ኦክሳይዶች አመጣጥ ግን ይለያል። የሶቪየት ሳይንቲስት ያኮቭ ዜልዶቪች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ እንዳብራሩት፣ እሳቱ በጣም ሲግል በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ራሱ ከኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል። ስለዚህ እነዚህ ጋዞች የሚበዙት ሞተሩ ጭነት ተሸክሞ ሲሠራ ነው፤ መኪናው ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ እምብዛም አይታዩም። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ የተስፋፋው ባለ ሦስት ተግባር ካታሊቲክ ኮንቨርተር ሦስቱንም በካዮች በአንድ ጊዜ የሚቀንሰው ላምዳ 1 አካባቢ ሲቆይ ብቻ ነው። ይህንን ሚዛን የሚጠብቀው ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚያነበው የላምዳ ሴንሰር ነው።

መሣሪያዎቹና አሠራራቸው

በጋራዥና በምርመራ ጣቢያ የሚገኘው የጋዝ መለኪያ ከማርሚታው ጫፍ በቱቦ ጭስ ይስባል፤ ውኃውንና ጥላሸቱን ካጣራ በኋላ ናሙናውን ታህታይ ቀይ ብርሃን ወደሚያልፍበት ክፍል ያስገባል። እያንዳንዱ ጋዝ የየራሱን የብርሃን ሞገድ ይውጣል፦ ካርቦን ሞኖክሳይድ 4.6 ማይክሮሜትር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 4.3፣ ሃይድሮካርቦን ደግሞ 3.4 አካባቢ። የተዋጠው ብርሃን መጠን የጋዙን መጠን ያመለክታል። ኦክስጅን የሚለካው በኤሌክትሮኬሚካል ሴል ነው።

ይህ ዘዴ ርካሽና ፈጣን ቢሆንም ውስንነት አለው። መሣሪያው ሃይድሮካርቦንን የሚገልጸው ሁሉም ሄክሴን እንደሆነ ቆጥሮ ነው፤ ቤንዚን ውስጥ የሚገኙትን አሮማቲክ ውህዶች በቅጡ ስለማያያቸው ንባቡ ከእውነተኛው መጠን ያንሳል። ቤተ ሙከራዎች ለዚህ የነበልባል አዮን መለኪያን ይጠቀማሉ። የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን የሚለኩት ደግሞ ናይትሪክ ኦክሳይድ ከኦዞን ጋር ሲዋሃድ በሚወጣው ብርሃን ነው።

የፈተና ዓይነቶች

አዲስ የመኪና ሞዴል ፈቃድ የሚያገኘው በጎማ ማሽከርከሪያ ከበሮ ላይ ቆሞ፣ በተወሰነ የፍጥነት መርሐ ግብር ተነድቶ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የሚጠቀምበት ዓለም አቀፍ ዑደት 30 ደቂቃና 23 ኪሎሜትር ገደማ ይወስዳል፤ ውጤቱም በኪሎሜትር ስንት ግራም ተብሎ ይገለጻል። በዚያው ዓመት በእውነተኛ ጎዳና፣ በተሽከርካሪው ላይ በተጫነ መሣሪያ የሚደረግ ልኬት ተጨምሮበታል።

በአገልግሎት ላይ ላሉ መኪኖች የሚደረገው ዓመታዊ ፈተና ከዚህ እጅግ ይቀልላል። የአውሮፓ መመሪያ ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሌላቸውን መኪኖች በሚኒሞ ይለካል፤ እ.ኤ.አ. እስከ ጥቅምት 1986 ለተመዘገቡት 4.5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለመጡት 3.5 በመቶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈቅዳል። ኮንቨርተርና የላምዳ ቁጥጥር ላላቸው ገደቡ እንደ ዘመናቸው በሚኒሞ 0.5 ወይም 0.3 ነው። ሞተሩ ከ2,000 ዙር በላይ ሲሽከረከር ደግሞ 0.3 ወይም 0.2 ሲሆን፣ ላምዳም ከ1 ከ0.03 በላይ እንዳይርቅ ይጠበቃል። የቆመ መኪና ፈተና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን አያጋልጥም፤ በርካታ የአሜሪካ ግዛቶች መኪናውን ከበሮ ላይ ጭነት እየሰጡ መፈተን የጀመሩት ለዚህ ነው።

ደጋው የሚያስከትለው ስህተት

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,355 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ አስመራ፣ ሜክሲኮ ሲቲ፣ ቦጎታና ኪቶም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። በአዲስ አበባ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ይህ ሁለት ተቃራኒ ውጤቶች አሉት።

የመጀመሪያው በሞተሩ ላይ የሚደርሰው ነው። ካርቡሬተር አየሩ ሲሳሳ ነዳጁን በዚያው ልክ አይቀንስም። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡሬተር በዚህ ከፍታ ድብልቁን ወደ 10 በመቶ ገደማ ያበለጽገዋል፤ በዚህም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምራል። አዲስ አበባን ለአሥርት ዓመታት ያገለገሉት ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲዎች የዚህ ቴክኖሎጂ ልጆች ናቸው። የላምዳ ሴንሰር ያላቸው መኪኖች ድብልቁን ራሳቸው ያስተካክላሉ።

ሁለተኛው በመለኪያው ላይ የሚደርሰው ነው። መሣሪያው የሚያየው በብርሃኑ መንገድ ላይ ያሉትን ሞለኪውሎች ብዛት ነው። ግፊቱ በሩብ ሲያንስ የሞለኪውሎቹም ብዛት በሩብ ያንሳል። መሣሪያው የግፊት ማካካሻ ከሌለው ወይም በቦታው በመመዘኛ ጋዝ ካልተስተካከለ ንባቡ በዚያው ልክ ይወድቃል። ስለዚህ ከፍታው ሞተሩን ይበልጥ እንዲበክል ያደርገዋል፤ ያልተስተካከለው መለኪያ ደግሞ ብክለቱን ይሸፍናል።

የውድር እርማት

መፍትሔው በመሣሪያው ሰሌዳ ላይ ባለው ሁለተኛ ቁጥር ይገኛል። በጤናማ የቤንዚን ቃጠሎ የካርቦን ሞኖክሳይድና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ድምር 15 በመቶ ገደማ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ለባለ አራት ምት ሞተር የሚጠቀምበት ስሌት በዚህ ላይ ይመሠረታል፦ የተነበበውን ካርቦን ሞኖክሳይድ በ15 ማባዛት፣ ከዚያም ለሁለቱ ንባቦች ድምር ማካፈል። ድምሩ 15 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ እርማት አያስፈልግም።

በምሳሌ እንየው። የአንድ አሮጌ መኪና እውነተኛ ጭስ 4.0 በመቶ ካርቦን ሞኖክሳይድና 11.0 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለው እንበል። ግፊት የማያካክስ መለኪያ በአዲስ አበባ 3.0 እና 8.25 ያነባል። ገደቡ 3.5 ቢሆን መኪናው ያልፋል። ስሌቱ ሲሠራ ግን 3.0 በ15 ተባዝቶ ለ11.25 ሲካፈል 4.0 ይመጣል፤ መኪናው መውደቅ ነበረበት። ማርሚታው ተቀዶ ወይም የመለኪያው ቱቦ በበቂ ጥልቀት ሳይገባ ቀርቶ አየር ሲደባለቅም ሁለቱ ጋዞች በአንድ ልክ ስለሚቀጥኑ ስሌቱ በዚያው መንገድ ያርመዋል።

የውድር ጥቅም በጎዳና ላይ ተፈትኗል። የዴንቨር ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ዶናልድ ስቴድማን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የሚያልፉ መኪኖችን ጭስ በመንገድ አቋራጭ ብርሃን መለካት የቻሉት፣ ጭሱ በአየር ውስጥ ምን ያህል እንደቀጠነ ማወቅ ሳያስፈልጋቸው የሁለቱን ጋዞች ውድር በመጠቀም ነው። ልኬታቸው ከካርቦን ሞኖክሳይዱ ግማሽ ያህሉ ከመኪኖቹ አንድ አሥረኛ ገደማ ከሚሆኑት ብቻ እንደሚወጣ አሳየ።

ስሌቱ የራሱ ወሰን አለው። ካንዴላ የሚስት ሞተር ብዙ ካርቦን ሳይቃጠል ስለሚያስወጣ ድምሩ በእውነትም ከ15 ያንሳል። የብርሃን አዋዋጡ ፍጹም ተመጣጣኝ ስላልሆነም ውድሩ ትንሽ ስህተት ይሸከማል። ስለዚህ ኦክስጅንና ሃይድሮካርቦን አብረው መነበብ አለባቸው። ከፍተኛ ሃይድሮካርቦን ከከፍተኛ ኦክስጅን ጋር ሲታይ የእሳት መሳትን ያመለክታል፤ ሃይድሮካርቦኑ ዝቅ ብሎ ኦክስጅኑ ብቻ ከፍ ሲል የአየር መግቢያ ቀዳዳ መኖሩን ያሳያል።

ማጠቃለያ

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። ሆኖም በጎዳና ላይ ያሉት የቤንዚን መኪኖች ገና ለብዙ ዓመታት ያገለግላሉ፤ እያረጁ ሲሄዱም የሚያወጡት ጭስ ይከፋል። በመሆኑም በደጋ ከተሞች ያሉ የምርመራ ጣቢያዎች አራት ነገሮችን ግዴታ ሊያደርጉ ይገባል፦ መለኪያውን በቦታው በተረጋገጠ ጋዝ ማስተካከል፤ ሞተሩና ኮንቨርተሩ በሚገባ ሳይሞቁ አለመለካት፤ አራቱን ጋዞች፣ ላምዳንና የዕለቱን የአየር ግፊት በአንድ ወረቀት ላይ ማተም፤ ፍርድ ሲሰጡም በታረመው ካርቦን ሞኖክሳይድ መወሰን። ደንብ አውጪዎች ይህንን በጽሑፍ ያስቀምጡት፤ የምህንድስና ትምህርት ቤቶች ያስተምሩት፤ የመኪና ባለቤቶችም የወረቀቱን ሙሉ ንባብ የመጠየቅ መብት ይኑራቸው።