ማኅበራዊ እውናዊነት በውዝዋዜ ዘጋቢ ፊልም

ማኅበራዊ እውናዊነት (ሶሻል ሪያሊዝም) ተራውን ሰው ከነሥራው፣ ከነገቢውና ከነኑሮው የሚያሳይ የኪነ ጥበብ ስልት ነው። «እውናዊነት» በሥነ ጽሑፍ ትምህርት የታወቀ ቃል ነው፤ «ማኅበራዊ» የሚለው ቅጽል ሰውየውን የያዘው የኑሮ ሥርዓትም አብሮ እንደሚታይ ይጠቁማል። ከሶሻሊስታዊ እውናዊነት ጋር ግን መምታታት የለበትም። ያኛው እ.ኤ.አ. በ1934 በሶቭየት ኅብረት ይፋ የጥበብ መመሪያ ሆኖ፣ ጥበበኛው የአብዮቱን ብሩህ ነገ እንዲያሳይ ያዝዝ ነበር።

ዘጋቢ ፊልም ሁሉ ማኅበራዊ እውናዊ አይደለም። ውዝዋዜን ከነአልባሳቱ ቀርጾ ማስቀመጥ ቅርስ ይጠብቃል፤ ተወዛዋዡን ግን አያሳውቅም። ዘጋቢ ፊልም ሠሪው ፍሬድሪክ ዋይዝማን ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው «ላ ዳንስ» የፓሪስ ኦፔራ ባሌትን ከመድረኩ ሌላ በልምምድ ክፍሉ፣ በልብስ ስፌቱና በቢሮው ጭምር አሳይቷል።

ወደ እኛ እናምጣው። ሀና ማርያም ሰፈር ቤት ተከራይታ፣ ቦሌ ባለ የባህል ምግብ ቤት የምትወዛወዝ ወጣት አለች እንበል። የተለመደው ፊልም እስክስታዋን፣ ጉራጊኛዋንና ወላይትኛዋን አሳይቶ ያበቃል። ማኅበራዊ እውናዊው ፊልም ግን ከዚያ ይቀጥላል፦ በአንድ ምሽት ስንት ጊዜ ልብስ ትቀይራለች? እንግዳ ግንባሯ ላይ የለጠፈው ብር ለማን ይደርሳል? እኩለ ሌሊት ላይ የኮንትራት ታክሲውን ማን ይከፍላል? አምሽታ ስትገባ አከራይዋ ምን ይሏታል? አብሯት የሚሠራው ወንድ ተወዛዋዥም እንደ እሷ ይደክማል፤ አምሽቶ በመግባቱ ግን ስሙ አይነሳም። ሥርዓተ ጾታ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ልዩነት ላይ ነው።

አዲስ አበባ ለዚህ ሥራ መነሻ አላት። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው የዳንስ ባለሙያ ሮይስተን ማልዱም ከጎዳናና ከድሃ ቤተሰብ ልጆች ጋር የጀመረው ሥራ አዱኛ የተባለውን የዳንስ ቡድን ወለደ። ቡድኑን ያቀፈው ጀሚኒ ትረስት የተባለው ድርጅት ከዳንሱ ጎን ለጎን ወጣቶችን በቪዲዮ ሥራ ያሠለጥን ነበር። በድህነት ያደገ ወጣት የሚቀረጽ ብቻ ሳይሆን ቀራጭም መሆን እንደሚችል በዚህ ታይቷል።

ስለ ሴት ተወዛዋዥ የሚሠራ ፊልምም ከቀረጻው በፊት ፈቃዷን፣ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት ደግሞ አስተያየቷን መጠየቅ አለበት። ፊልሙ በእንጀራዋና በስሟ ላይ የሚያመጣውን ሁሉ የምትሸከመው እሷ ናትና።