የወገብ ሜትርና የደም ምስክር

እኔ ሐኪም አይደለሁም። በሙያዬ የመለኪያ መሣሪያዎች መሐንዲስ ነኝ፤ የምኖረውም ከፍራንክፈርት በስተምዕራብ ጻይልስሃይም በምትባለው ሰፈር ነው። ስለ ስኳር በሽታ ለመጻፍ ምን አገባህ የሚለኝ ካለ መልሴ አጭር ነው፤ ነገሩ የመለኪያ ጉዳይ ነው፣ ደሙ ደግሞ የራሴ ነው።

ባለፈው ዓመት ለተለመደው ምርመራ የቤተሰብ ሐኪሜ ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ ወገቤን በሜትር ለካ፤ 84 ሴንቲ ሜትር። «ሁሉም እንደ እርስዎ ቀጭን ቢሆን ኖሮ ሥራዬ ይቀልልኝ ነበር» ብሎ ቀለደ። ከሳምንት በኋላ የደሙ ውጤት መጣ፤ ሄሞግሎቢን ኤ-ዋን-ሲ 6.7 በመቶ። የስኳር በሽታ ድንበሩ 6.5 ነው። ተደግሞ ተመረመረ፤ ያው ሆነ። ጎንደር ለምትኖረው እናቴ ስደውልላት አላመነችኝም።

«ስኳር? አንተን? እሱ እኮ የጠገበ ሰው በሽታ ነው። አንተ ምን ሥጋ አለህና ነው ልጄ!»

«ሐኪሙም እንዳንቺው ነበር ያሰበው፣ እማዬ» አልኳት።

እናቴና ጀርመናዊው ሐኪም ሳይተዋወቁ አንድ ሐሳብ ላይ መገናኘታቸው ገረመኝና ነገሩን ከሥሩ መፈተሽ ጀመርኩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሜታቦሊክ ሲንድረም የሚባለው አንድ በሽታ አይደለም፤ የችግሮች ማኅበር ቢባል ይቀላል። የደም ግፊት፣ የደም ስኳርና የደም ስብ ከፍ ማለት፣ የጠቃሚው ኮሌስትሮል ማነስና የሆድ መግፋት ተጠራርተው አንድ ሰው ላይ ሲሰፍሩ ልቡም ቆሽቱም አደጋ ላይ ይወድቃሉ። ግፊት፣ ስኳርና ሪህ አብረው እንደሚሄዱ ስዊድናዊው ሐኪም ኤስኪል ኪሊን የጻፈው በ1923 ነው። በዚያው ዓመት እዚህ በአጠገባችን የሚገኘው የሄክስት ፋብሪካ ከቄራ ከሚመጣ የእንስሳት ቆሽት ኢንሱሊን ማምረት ጀመረ። የጻይልስሃይም አሮጌ ቤቶች አብዛኞቹ ይኸው ፋብሪካ በ1900 አካባቢ ለሠራተኞቹ ያሠራቸው ናቸው። ከጦርነቱ በኋላም ከናዚ እልቂት የተረፉ አይሁዶች እስከ 1948 በእነዚሁ ቤቶች ተጠልለው ነበር። ሰፈሬ ለስደተኛ እንግዳ አይደለችም ማለቴ ነው።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። በ1988 አሜሪካዊው ጄራልድ ሪቨን እነዚህን ችግሮች በአንድ ገመድ አስሮ «ሲንድረም ኤክስ» አላቸው። ገመዱ ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ ማለቱ ነው። ልብ በሉ፤ ሪቨን ውፍረትን ከዝርዝሩ አላስገባም፤ ቀጭን ሰውም ሊያዝ ይችላል ብሎ ያምን ነበርና። በ2005 ግን ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ትርጉሙን ሲያወጣ ወገብን የግድ አደረገው። ወገቡ ያላለፈ ሰው ግፊቱም ስኳሩም ቢንር ከማኅበሩ አይቆጠርም። ለአውሮፓውያን ወንዶች 94፣ ለሴቶች 80 ሴንቲ ሜትር ተባለ። ለደቡብ እስያውያን፣ ለቻይናውያንና ለጃፓናውያን የየራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው። ከሰሃራ በታች ላለን አፍሪካውያንስ? የተለየ መረጃ እስኪገኝ ድረስ የአውሮፓውያኑን ተጠቀሙ ተባልን።

በእኛ ሙያ አንድ መለኪያ ከመታመኑ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፤ በምን ላይ ተስተካከለ? በዘይት የተስተካከለ የፍሰት ቆጣሪ ውኃ ላይ ቢገጠም ቁጥር መስጠቱን አያቆምም። ችግሩም እዚያ ላይ ነው፤ መሣሪያው ዝም ቢል ኖሮ እንጠረጥረው ነበር።

በ2009 ድርጅቶቹ ተሰባስበው ወገብ የግድ መሆኑን አነሱት፤ ለእኛ የተሰጠው ቁጥር ግን 94 እና 80 እንደሆነ ቀረ። ይህ የቃላት ክርክር የሚመስለው ካለ በ2011 የታተመውን የአዲስ አበባ ጥናት ይመልከት። የባንክ ሠራተኞችና መምህራን ተመርምረው በአሜሪካኖቹ መስፈርት ሜታቦሊክ ሲንድረም ያለባቸው 12.5 በመቶ ሆኑ፤ በ2005ቱ የፌዴሬሽኑ መስፈርት ደግሞ 17.9 በመቶ። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ሜትሩ ነው። ከአምስት በመቶ የሚበልጠው ልዩነት ታማሚ ነው ወይስ ጤነኛ? መልሱን የሚሰጠው በራሳችን ሰዎች ላይ ለረጅም ዓመታት የሚደረግ ክትትል ብቻ ነው።

ሜትሩ ጭራሽ የማያያቸው ሰዎች መኖራቸው ደግሞ ይብሳል። የሪቨን ጽሑፍ በወጣበት በ1988፣ በዚያው የአሜሪካ የስኳር በሽታ መጽሔት ላይ፣ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በገቡ ወጣቶች ዘንድ ስኳር በሽታ በርክቶ መገኘቱን የሚያሳይ ጥናት ታትሟል። የጎንደርና የትግራይ ገጠር ልጆች ገና በወጣትነታቸው! በ2009 ደግሞ ከጎንደር ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቿ፣ ኢትዮጵያን አብዝተው የሚያውቁት ፕሮፌሰር ኤልድሪድ ፓሪም ጭምር ያሉበት ቡድን፣ በጎንደርና በጅማ ያዩትን ጻፉ። ያለ ኢንሱሊን የማይኖሩት የገጠር ሕሙማን ደሃና ቀጭን ነበሩ። የጽሑፉ ርእስ ራሱ ጥያቄ ነበር፤ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ ፋይል እንደገና እንክፈተው ወይ? የዓለም ጤና ድርጅት ያንን ዓይነት በ1985 መዝግቦት ነበር፤ በ1999 ሰረዘው። ፌዴሬሽኑ በ2025 ባንኮክ ላይ «ዓይነት 5» ብሎ እውቅና የሰጠው የጎንደሮቹ ጥያቄ ከቀረበ ከ16 ዓመት በኋላ ነው። ጎንደር ላይ የታየው ባንኮክ እስኪደርስ ድረስ ስንት ገበሬ «አንተን አይዝህም» ተብሎ እንደተመለሰ ማን ቆጠረ?

እኔን ያጋለጠኝ ወገቤ ሳይሆን አንድ የደም ፕሮቲን ነው። ታሪኩም ለስደተኛ ልብ ቅርብ ነው። በ1968 በቴህራን ዩኒቨርሲቲ ሳሙኤል ራህባር የሚባል ሐኪም የሄሞግሎቢን ዓይነቶችን ሲመረምር በሁለት የስኳር ሕመምተኞች ደም ውስጥ ያልጠበቀው መስመር አየ። በሌሎች ሕሙማንም ላይ ፈለገው፤ አገኘው። ስኳሩ ሄሞግሎቢን ላይ እየተጣበቀ ነበር። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ስለሚኖር የተጣበቀው ስኳር የሦስት ወሩን ታሪክ ይዞ ይቆያል። በጠዋት ጾሞ መሄድ ይህን ምስክር አያታልለውም። ራህባር ከ1979ኙ አብዮት በኋላ ኢራንን ለቆ አሜሪካ ገባ፤ እዚያው በ2012 አረፈ። ዛሬ የዓለም ስኳር ሕሙማን የሚመዘኑበት ቁጥር ከቴህራን ቤተ ሙከራ የወጣ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ሌላም የደም ፕሮቲን አለ፤ በ1930 በኒው ዮርክ የሮክፌለር ተቋም በሳንባ ምች ሕሙማን ላይ የተገኘው ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን። ሜታቦሊክ ሲንድረም ባለበት ሰው ላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ነገር ግን ኢንፌክሽንም ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ወባና የሳንባ ምች በማይጠፉበት አገር ብቻውን ብዙም አይረዳም።

ኤ-ዋን-ሲም ቢሆን ያለ ጥያቄ አይታመንም። የብረት እጥረት ከፍ ያደርገዋል፤ የቀይ ሕዋስን ዕድሜ የሚያሳጥር ሕመም ዝቅ ያደርገዋል። በሄሞግሎቢን በኩል ደግሞ እኛ አንድ ጊዜ ዓለምን አስደንቀናል። በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ፣ ከእነርሱም አንዱ የአዲስ አበባው አምሃ ገብረመድኅን ነበር፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 የሰሜን ተራሮች ነዋሪዎችን መረመሩ። እንደ አንዲስ ተራሮች ሰው ሄሞግሎቢናቸው ይንራል ተብሎ ሲጠበቅ ባሕር ጠለል ላይ እንዳለ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ለወንዶቹ በአማካይ 15.9፣ ለሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊትር። ሄደው ባይለኩ ኖሮ የአንዲሱ ቁጥር ለእኛም ይጻፍልን ነበር።

እንግዲህ በየዩኒቨርሲቲው ያላችሁ ወገኖቼ፣ እኛ በፖለቲካ ስንናቆር ይህ ሥራ የሚጠብቀው ሰው አላገኘም። ጎንደር የሕክምና ትምህርት አለ፣ ጅማ አለ፣ ጥቁር አንበሳ አለ። ኤ-ዋን-ሲ የሚለካ መሣሪያና ማስተካከያ ናሙናው ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ወገብ፣ ግፊት፣ ስብና ሄሞግሎቢን በአንድ ሺህ የደጋና የቆላ ሰው ላይ ለአሥር ዓመት ተከታትሎ መመዝገብ የጥቂቶቻችን የወር መዋጮ የሚሸፍነው ነው። የመሣሪያውን ማስተካከል ሥራ እኔ በነፃ እሠራለሁ።

ከመስኮቴ የሄክስት ፋብሪካ ይታየኛል። ዛሬ የሳኖፊ ነው፤ አሁንም ኢንሱሊን ያመርታል፣ በ2024ም አዲስ የኢንሱሊን ፋብሪካ እንደሚሠራበት ተነግሯል። እናቴ ከእኔ ትቀጥናለች። ባለፈው እሑድ ለምኜ ለምኜ ደሟን እንድትሰጥ አስማማኋት። «ወገቤን ብቻ ቢለኩኝ ምናለ?» አለችኝ። ውጤቱን ኀሙስ እንደምትወስድ ነግራኛለች።