ልምሽ ያለ እግር፣ የተገተረ እግር

እግር አልታዘዝ ሲል «ሽባ ሆነ» እንላለን። ቃሉ የደረሰውን ይናገራል፣ ምክንያቱን ግን አይነግረንም። አማርኛ ከዚህ የጠበቡ ስሞችም አሉት፤ እስቲ ሁለቱን እንያቸው።

አንደኛው «ልምሻ» ነው። «ክንዴ ልምሽ አለ» ስትሉ ዛለ፣ ጉልበት አጣ ማለታችሁ ነው። ፖሊዮም «የልጅነት ልምሻ» የሚባለው ያለ ነገር አይደለም። ቫይረሱ ከአከርካሪ ወደ ጡንቻ ትእዛዝ የሚያደርሱትን ነርቮች ይገድላል። ትእዛዝ ያጣው ጡንቻ ይላላል፣ እየቀጠነም ይሄዳል።

ሁለተኛው «ጓያ ሰበረው» ነው፤ የደጋ ገበሬ አባባል። ጓያ ድርቅንም፣ ውኃ የተኛበትን መሬትም የሚችል ጥራጥሬ ነው። ከሐርቡ ተነስታችሁ ኮምቦልቻንና ደሴን አልፋችሁ ወደ ሰሜን ምዕራብ ብትወጡ ደላንታን ታገኛላችሁ። እዚያ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሌላው ሰብል ሲከዳ ጓያ ቀረ፤ ለወራት እሱን የበሉ ብዙ ሰዎች እግራቸው ተያዘ። ኃይለየሱስ ጌታሁን፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ወረርሽኙን በ1999 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት ለዓለም አሳወቁ።

የጓያ እግር ግን አይላላም፤ እንዲያውም ይገተራል። በጓያ ውስጥ ያለው ኦዳፕ የሚባል መርዝ ከአንጎል ወደ አከርካሪ የሚወርዱትን ነርቮች ይጎዳል። ሰውየው በጣቶቹ ጫፍ፣ ጉልበቱ እየተጠላለፈ፣ በምርኩዝ ይሄዳል። አእምሮው ግን ደህና ነው።

በ1873 እ.ኤ.አ. ጣሊያናዊው ሐኪም ካንታኒ በሽታውን «ላቲሪዝም» አለው፤ ከተክሉ የላቲን ስም ወስዶ። አያችሁ፣ ሐኪሙም ገበሬውም የሰየሙት በጥፋተኛው ስም ነው! ይሁንና በየመንደሩ ጓያ ሲቀቀል የሚወጣውን እንፋሎት የሚፈሩም ነበሩ። ዋናው ጉዳት ግን ከመብላቱ ነው፤ መርዙ ራሱ የታወቀው በ1964 እ.ኤ.አ. ሕንድ ውስጥ በተደረገ ምርምር ነው።

ስሙ ለምን ያስጨንቀናል? ሁለቱም አንዴ ከያዙ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የላቸውም፤ ያለው መላ አስቀድሞ መከላከል ነው፣ መከላከያቸው ደግሞ ለየቅል ነው። ለፖሊዮ ክትባት አለ። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ልምሽ ካለም ሰገራው ይመረመራል። ጓያን ግን ክትባት አይመልሰውም፤ በድርቅ ጊዜ ገበታው ላይ ስንዴ፣ ገብስ ወይም ሌላ እህል መጨመር አለበት። ሁሉንም «ሽባ» ብለን ካለፍን፣ ለሚቀጥለው ልጅ መርፌ እንላክ ወይስ እህል፣ በምን እናውቃለን?