ከሥራ የማገድ ሥልጣንና የሕግ ወሰኑ በኬንያ

የመንግሥትን ሠራተኛ ከሥራ ማሰናበትና ማገድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስንብት ጥፋቱ ከተረጋገጠ በኋላ የሚሰጥ ውሳኔ ሲሆን፣ እግድ ግን ነገሩ እስኪጣራ ድረስ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። ይሁን እንጂ የታገደው ሰው ደመወዙ ከተያዘና ስሙ ከጎደፈ ጥንቃቄው ከቅጣት አይለይም። ስለዚህ የማገድ ሥልጣን ከወዴት እንደሚመነጭ መመርመር ይገባል።

ኬንያ የእንግሊዝን የልማድ ሕግ ወርሳለች። አንድ የእንግሊዝ ሠራተኛ ያለ ፈቃድ አንድ ቀን ስለ ቀረ አሠሪው በማግሥቱ ያለ ደመወዝ ቢያግደው፣ ፍርድ ቤቱ በ1915 እ.ኤ.አ. ለሠራተኛው ፈረደ። አሠሪው ሊያሰናብተው ቢችልም፣ ውል ሳይፈቅድለት ደመወዙን ይዞ ሊያግደው አይችልም ማለት ነው።

የኬንያ መምህራን ቀድሞ በየሚስዮኑና በየአካባቢው አስተዳደር ሥር ተበታትነው ይሠሩ ነበር። በ1957 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ ማኅበራቸውን አቋቋሙ፤ በ1967 እ.ኤ.አ. ደግሞ የመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን በሕግ ተመሠረተ። በዚህም የመቅጠሩና የመቅጣቱ ሥልጣን በአንድ እጅ ተጠቃለለ።

በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው የፀረ ሙስና ሕግ፣ በሙስና የተከሰሰ የመንግሥት ሹም ከተከሰሰበት ቀን ጀምሮ በግማሽ ደመወዝ እንዲታገድ፣ ክሱ ሲቋረጥ ወይም ነጻ ሲወጣ ግን እግዱ እንዲቀር ደነገገ። የ2010 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 237 መምህራንን በዲሲፕሊን የመቆጣጠርን ሥልጣን ለኮሚሽኑ ሲሰጥ፣ በአንቀጽ 236 ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ያለ ሕጋዊ ሥርዓት እንዳይቀጣ ከልክሏል። እንዲህ ሥልጣኑና ልጓሙ ጎን ለጎን ተጻፉ። በናይሮቢ ከተማ በፓርክላንድስ ለብዙ ዓመታት የቆየው የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም እነዚህን አንቀጾች ለደቀ መዛሙርቱ ሲያስተምር ኖሯል።

በኢትዮጵያም የፌዴራል ሠራተኞችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 515/1999 እግዱ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ወስኖ፣ ስንብት ካልተከተለም የተያዘው ደመወዝ እንዲመለስ ደንግጎ ነበር።

እንግዲህ የትምህርት ቤት ሹም የእግድ ደብዳቤ ከመፈረሙ አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ሥልጣኑን የሰጠኝ የትኛው አንቀጽ ነው? ምክንያቱ በጽሑፍ ተገልጿልን? የሚያበቃበትስ ቀን ተወስኗልን? መልስ የሌለው እግድ ያልተፈረደ ቅጣት ነውና።